የመውጫ ፍተሻ

ዘበኛው ከልብስ አጣቢዋ ቦርሳ ሁለት ሳሙና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ በሩ ላይ የተሰለፈው ሠራተኛ ሁሉ ወሬውን አቆመ። ሳሙናው የአረጋውያን ቤቱ ነው። በእርዳታ የመጣ፣ የሆስፒታል ኮሪደር የሚሸት አረንጓዴ ሳሙና፤ የትም ሱቅ አይገኝም፣ ቢገኝም የሚገዛው የለም።

«እኔ አላስገባሁም» አለች አጣቢዋ።

ዘበኛው ሥራ አስኪያጇን አየ። ሥራ አስኪያጇ መሬቱን አየች። ወደ ቤቷ ለመሄድ ነበር የወጣችው፤ እግሯ አብጧል፣ ቀኑን ሙሉ ለጋሾችን ስትለማመጥ ውላ ፊቷ ፈገግ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። አሁን ደግሞ ይሄ። ፍተሻውን ያመጣችው ራሷ ናት። ሳሙና እየጠፋ ሲያስቸግር፣ ቦርዱም ሲጮህባት፣ ሰብስባቸው «የተገኘበት በዚያው ቀን ይሰናበታል፤ ማንም ይሁን ማን» አለች። እንዲህ ያለው ነገር ሲናገሩት ደስ ይላል። ማንም ይሁን ማን ስትል ግን እቺን አላሰበችም። ቤቱ ገና ሁለት የኪራይ ክፍል ሳለ፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ሳይኖር፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ አንሶላ በእጇ ያጠበችውን ሴት።

«እስቲ አስታውሺ» አለቻት ቀስ ብላ። «ምናልባት ልታጥቢበት ይዘሽው፣ ረስተሽ…»

«ሰበብ አትፈልጊልኝ። አላስገባሁም አልኩሽ እኮ!»

«እግር አውጥቶ ገባ በሉና» አለ ምግብ አብሳዩ ከኋላ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ግን አፈሩ።

«ሕግ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ፤ የገዛ ድምፅዋ ሰለቻት። «አንቺን ባልፍ ነገ ማንን እይዛለሁ?»

አጣቢዋ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ጥሩ» አለች። «ያንቺ ቦርሳ ግን ተፈትሾ ያውቃል?»

«ኧረ! የእሳቸውን?» አለ ዘበኛው ደንግጦ።

«ማንም ይሁን ማን አልተባለም?»

የሚገርመው፣ ሥራ አስኪያጇ ይሄ አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም። ለክርክርም አቅም አልነበራትም። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ፈትሽ።»

«እኔ?»

«ፈትሽ አልኩህ።»

ዘበኛው እንደሚፋጅ ነገር በሁለት ጣቱ እየያዘ ያወጣ ጀመር። ቁልፍ። የራስ ምታት ክኒን። ግማሹ የተበላ ዳቦ። አንድ እግር የልጅ ካልሲ። አብሳዩ ስለ ሌላኛው እግር አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፣ ተወው። የዘበኛው እጅ ቦርሳው ውስጥ ቆሟል። ሲወጣ አረንጓዴ ሳሙና ይዞ ነው።

«እኔ አላስገባሁም» አለች ሥራ አስኪያጇ። ይሄን ቃል ቅድም ማን እንዳለው የገባት ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

መስኮቱ አጠገብ የሚተኙት አሮጊት ትዝ አሏት፤ ድሮ ባለሱቅ የነበሩ፣ ዛሬ የልጆቻቸውን ስም እንኳ የማያስታውሱ። ከአልጋቸው አጠገብ ያለው፣ ሳሙናው የሚቀመጥበት የዕቃ ቁም ሳጥን ለእሳቸው አሁንም ሱቅ ነው። ከሰዓት ትራሳቸውን ስታስተካክል «ቦርሳሽን እኔ ልያዝልሽ» ብለው ጭናቸው ላይ አቅፈውት ነበር። ስትወጣም «ባዶሽን አትሂጂ፣ የኔ ልጅ» አሏት፤ እሷ ምርቃት መስሏት አሜን ብላ ጉንጫቸውን ሳመች።

«እማማ ባለሱቋ ናቸው» አለች። «ቦርሳዬን ይዘውልኝ ነበር።»

አጣቢዋ ዓይኗን ጨፈነች። «የእኔንም። አልጋቸውን ባነጠፍኩ ቁጥር ይይዙልኛል።»

«እኔማ ገና ሳየው አውቄያለሁ!» አለ ዘበኛው፣ ትልቅ ሸክም እንደወረደለት ሰው። «እርስዎ ይሄን ያደርጋሉ? ያላበደ ሰው ማን ያምናል!» የሥራ አስኪያጇን ዕቃ እየተጣደፈ መልሶ ከተተ፤ ቦርሳውን በእጅጌው ጠርጎ በሁለት እጁ አቀበላት።

የአጣቢዋ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ እንደተበተነ ነበር። ራሷ መልቀም ጀመረች። ሥራ አስኪያጇ ልታግዛት እጇን ስትዘረጋ «ይተዉት፣ እኔ እሰበስበዋለሁ» አለቻት። ስንት ዓመት አንቺ ስትላት የኖረች ሴት ናት።

«ነገ ትመጫለሽ አይደል?»

«ሥራዬ አይደል? የት እሄዳለሁ» አለች አጣቢዋ፤ ቦርሳዋን ዘግታ ወጣች።

ሥራ አስኪያጇ ፍተሻው ቀርቷል ልትል ወደ ሰልፉ ዞረች። አብሳዩ፣ ነርሷ፣ አትክልተኛው፣ ማንም ሳያዛቸው ቦርሳቸውን ከፍተው፣ አፉን ወደ እሷ አዙረው ይዘው ቆመዋል።