በኋላ ማርሽ

ሽማግሌዎቹ «ኩልሱም፣ ሴት ጀናዛ አትከተልም፤ ሰብር አድርጊና ተመለሺ» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። የልጇን ቃሬዛ ተከትላ በቡናው መሃል ባለው ጠባብ የጭቃ መንገድ ስትወርድ፣ ከየቡ ከተማ በኩል አምቡላንስ እየጮኸ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ። «አባቶች፣ ትንሽ ዳር ያዙልን። ምጥ የጠናባት ሴት አለች።»

ኩልሱም ተሸካሚዎቹን አልፋ ከመኪናው ፊት ቆመች። «ማን ትባላለች?»

ሾፌሩ የጥሪ ወረቀቱን አየ። «አፊፋ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የተደወለው።»

አሁን ቀኑ አጋድሎ ዐሱር ተሰግዷል። «ያቻትና» አለች፣ ወደ ቃሬዛው ሳትዞር። «ከነልጇ።»

ሾፌሩ ጩኸቱን አጠፋ። «እናቴ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥዎት። ለወረዳው ያለው መኪና ይሄ አንዱ ነው፤ በዚያ ላይ ጭቃው ሁለት ጊዜ ያዘን።» ግራና ቀኙን አይቶ፣ «እዚህ ማዞሪያ የለም። አሳልፉንና ላይ ደርሰን እናዙር» አለ። ተሸካሚዎቹ ወደ ቡናው ሊገቡ ሲሉ ኩልሱም እጇን ዘረጋች።

«ከመንገድ እንዳትወጡ። ልጄ ስትጠብቅ ነው ያለፈችው፤ ከእንግዲህ ማንንም አትጠብቅም። አንተ በኋላ ማርሽ ውረድ።»

ሾፌሩ ማርሹን አስገብቶ እጁን ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሰደደ።

«እሱን ተወው» አለችው። «ለእሷ አይደል የመጣኸው? እስክትደርስ ይብራ።»

አምቡላንሱ ቀይ መብራቱን እያሽከረከረ፣ ፊቱን ለቃሬዛው እንደሰጠ፣ እስከ መቃብሩ ድረስ ወደ ኋላ ወረደ። ኩልሱም ተከተለች። ተመለሺ ያላት አልነበረም።