የጠመኔው መስመር

ዘፋኟ ጋሽ ሽቦን ከሬዲዮ ጣቢያው ያስባረረችው ስቱዲዮው ወለል ላይ ተንበርክኮ ሳለ እጅ ከፍንጅ ስለያዘችው ነው።

ሰውየው የድምፅ ቴክኒሻን ነበር። ሽቦ ያሉት ሙዚቀኞቹ ናቸው፤ ቀጭን ነው፣ ኪሱም ከሽቦ ቁርጥራጭ ጸድቶ አያውቅም። ስቱዲዮው ያለው አንድ ማይክራፎን ብቻ በመሆኑ የእያንዳንዱን ሰው መቆሚያ እንደ ድምፁ ጉልበት በጠመኔ ያሰምራል። ከበሮ መቺው ግድግዳው ሥር፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ መሀል፣ ዘፋኟ ከሁሉም ፊት። ቅዳሜ ከሰዓት አገር ምድሩ ሥራውን ትቶ የሚሰማት እዚያች መስመር ላይ ቆማ ነው። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። ያላት ያ ቦታ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሹክሹክታ ነው። ስትገባ የሙዚቀኞቹ ወሬ ዝቅ ይላል። ከዚያ ደግሞ የመልበሻ ክፍሏን በር ሳያንኳኩ መግባት ጀመሩ።

"ማንኳኳት ቀረ እንዴ?" አለችው አኮርዲዮን ተጫዋቹን።

ተጫዋቹ አብራት የምትመጣውን ታናሽ እህቷን አየ። እህቷ ወለሉን አየች።

ቤት ደግሞ ስልክ ይመጣል። ዘፋኟ ታነሳለች፣ ዝም ይላል። አንድ ቀን እህቷ ተቀብላት ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ቀሚስሽ ደርሷል ትላለች።"

"ለኔ ሲሆን ዝም፣ ላንቺ ሲሆን አፍ ታወጣለች?"

ልብስ ሰፊዋ ለአዲሷም ልጅ ትሰፋለች። አዲሷ ልጅ የዘፈን ተቀባይ ሆና የገባች፣ ገና ወጣት፣ ጥርሷ የሚያምር፣ የጣቢያው ኃላፊ ስትዘፍን ቆሞ የሚያያት ናት።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ዘፋኟ እጇን ብትዘረጋ ማይክራፎኑ አልደረሰላትም። ድሮ ይደርስላት ነበር። በየሳምንቱ እያየች፣ መስመሯ ወደኋላ ሄዶ ሄዶ ከአኮርዲዮኑ ጎን ደረሰ። የአዲሷ ልጅ መስመር ካለበት ንቅንቅ አላለም።

"ትንሽ ከሸሸሽ እኮ ከበሮውንም ትመቺልኛለሽ፣ እኔ አርፋለሁ" አለ ከበሮ መቺው።

ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ የሳቀችው ግን ሲስቁ አይታ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይመጣ ገባች። ጋሽ ሽቦ በእርጥብ ጨርቅ መስመሯን እየጠረገ ነበር። ጀርባውን እንደሰጣት አጠገቡ ደርሳ ቆመች። ዞር ሲል ጨርቁን ከኋላው ደበቀ።

"ላንቺው ብዬ ነው፣ በሞቴ።"

"ለኔ ከሆነ ምን ያስደብቅሃል?"

አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር አጉተመተመ። ደግሞ እንዲለው አልጠየቀችውም።

በቀጥታ ወደ ኃላፊው ሄደች። "ወይ እሱ ወይ እኔ።"

ኃላፊው ከወንበሩ ተነስቶ ጠረጴዛውን ዞረና ፊቷ ላይ ጮኸባት። "እሱ ከሄደ የምትጎጂው አንቺ ነሽ!"

ሲያስፈራራት መሆኑ ነው። "ይሂድ" አለችው።

ጋሽ ሽቦ ዕቃውን በካርቶን አድርጎ ወጣ። የሸኘችው እህቷ ናት። በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ሲያወሩ፣ እህቷም ዐይኗን ስትጠርግ ዘፋኟ በመስኮት አየቻቸው። የገዛ እህቷም ሴራው ውስጥ አለችበት ማለት ነው።

ቅዳሜ ሲደርስ ጠመኔውን ራሷ አነሳች። መስመሩን በድሮው ቦታ፣ ማይክራፎኑ አፍንጫ ሥር አሰመረች። የሚከለክላት አልነበረም። አዲሱ ቴክኒሻን ገና ልጅ ነው።

የመጀመሪያውን ስንኝ ስታወጣ ከመስታወቱ ወዲያ ልጁ ማዳመጫውን ከጆሮው መንጭቆ ጣለው። አዲሷ ልጅ ፊቷን አዞረች። ይቃጠሉ፣ አለች በልቧ። ዐይኗን ጨፍና፣ ደረቷን ነፍታ፣ እንደ ወጣትነቷ ዘመን ዘፈነች። አንድም ስንኝ አልዘለለችም። ሲያልቅ እንደ ልማዷ አኮርዲዮኑ ዘፈኑን እንዲዘጋላት ትንሽ ጠበቀችና ዐይኗን ገለጠች።

አኮርዲዮኑ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል። ከበሮ መቺው ዱላዎቹን ብብቱ ሥር ሸጉጧል። እህቷ ከፊቷ ቆማ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ዘፋኟ ጋ የሚደርስ ድምፅ ግን የለም።

ሁሉም መጫወት ያቆሙት ገና በዘፈኑ አጋማሽ ነበር።