የፀሐዬ መስመር

ፀሐዬ ጨው በታኝ ነው። ይህን ሥራ ለአገር ቤት ሰው ማስረዳት ከሰለቸው ቆይቷል። ብርዱ ሲገባ ለአንድ የምዕራብ ለንደን ካውንስል፣ ማለትም ለወረዳው አስተዳደር፣ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ መኪናው ከኋላው አስፋልቱ ላይ ጨው ይበትናል፤ ጨው ያለበት መንገድ ቶሎ በረዶ አይይዝም። በቃ፣ ይኸው ነው። እህቱ ግን ዛሬም ድረስ በስልክ፣ «የሰው ወጥ አልጫ ሆኖ እናንተ ለመንገድ!» እያለች ትስቅበታለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ሺፍቱን የጨረሰው እየተነጫነጨ ነው። በፓርክ ሮያል የሚያልፈውን መንገድ ፖሊስ ዘግቶት ስለነበር ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆኖበታል። «መንገድ ለመዝጋት ሲሆን ማን ይቀድማቸዋል!» እያለ መኪኖቹ ከሚያድሩበት ዲፖ ሲወጣ፣ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው አገኘ። አንደኛው የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዳኛቸው ናቸው። ሁለተኛው ሳዶቅ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ባለታክሲ።

«ምነው በጠዋቱ? ደህና አይደላችሁም እንዴ?»

ጋሽ ዳኛቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። «ፀሐዬ፣ ተክለአብ ቤት እንሂድ። መርዶ አለ።»

«የምን መርዶ?»

«የልጅ መርዶ ነው። ማታ በረዶ ላይ መኪና ተንሸራቶ። እዚሁ ፓርክ ሮያል፣ መታጠፊያው ጋ።»

ፀሐዬ የዲፖውን አጥር ያዘ። ተክለአብ ያለው አንድ ልጅ ነው፤ ቤንጃሚን። ቀኑን ሙሉ በቫን ዕቃ ሲያደርስ የሚውል፣ ሰው የሚያባርረው ይመስል የሚነዳ ልጅ። ስንቴ መክሮታል! ፀሐዬና ተክለአብ ለንደን የገቡት አንድ ላይ ነው፤ ሼፈርድስ ቡሽ አንድ ክፍል ተካፍለው ኖረዋል። የፀሐዬ ሚስት ስትሞት ልጁን ሶልያናን ከቤንጃሚን ጋር አንድ ላይ ያሳደገችለት የተክለአብ ሚስት ሰሎሜ ናት።

«ወይኔ ቤንጃሚን! ወይኔ ልጄን!» አለ።

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ።

«ተክለአብ እንዴት ይችለዋል፣ ጋሽ ዳኛቸው?»

«እግዚአብሔር ያስችላል፣ ልጄ። እሱ ካላስቻለ ማን ያስችላል?»

ፀሐዬ ወደ ራሱ መኪና ሊሄድ ሲል ሳዶቅ እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ። እኔ ልንዳ።» ፀሐዬ የሳዶቅ አክብሮት ደስ አለው፤ ሰጠው። ጋሽ ዳኛቸው ደግሞ ማዶ ካለው ካፌ ሻይና ዳቦ ገዝተው፣ «ቅመስ፣ ውሎው ረጅም ነው» ብለው ጨቀጨቁት። ሻዩን ጠጣ። ዳቦውን ግን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

መኪና ውስጥ ትንሽ እንደሄዱ፣ «መስመሩ የኔ ነው» አለ።

ጋሽ ዳኛቸው ዘወር ብለው አዩት፤ እሱ ቀጠለ።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ጨው የበተንኩበት እኔ ነኝ። ከዚያ ዘነበ። ዝናብ ጨዉን ያጥበዋል፤ ሲያባራና ሲቀዘቅዝ አስፋልቱ እንደ መስታወት ይሆናል። ቤቴ ሆኜ በመስኮት እያየሁት ነበር። ደውዬ ድጋሚ ልውጣ ማለት ነበረብኝ። ጠዋት እደርስበታለሁ ብዬ ተኛሁ።»

«ተው!» አሉ ጋሽ ዳኛቸው። «ዝናቡን ያዘነብከው አንተ ነህ? ይህን ነገር ሁለተኛ ከአፍህ እንዳታወጣ!»

«ለተክለአብ እነግረዋለሁ። ከሌላ ሰው ከሚሰማ ከኔ ይስማ። ከጠላኝም ይጥላኝ። አርባ ዓመት ወንድሜ ሆኖ ኖሯል፤ ልጁን ቀብሬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ ልዋሸው?»

ሳዶቅ መሪውን ጨምድዶ ይዞታል። ፀሐዬ ስልኩን አወጣ። ሶልያና እንደ ወንድሟ የምታየውን ልጅ ሞት ከመንገድ ላይ ሰው እንድትሰማ አልፈለገም። ይህን ጊዜ ወደ ሥራዋ እየሄደች ነው። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። አልከፋውም፤ መሪ ይዘሽ ስልክ እንዳታነሺ ያላት ራሱ ነው። የድምፅ መልእክት ተወላት።

«ሶልዬ፣ አባባ ነኝ። ዛሬ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ እሺ? መንገዱ ደረቅ ቢመስልሽ እንዳታምኚው። ቢያንሸራትትሽ ፍሬኑን በኃይል አትርገጪ። ስትደርሺ ደውይልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ሳዶቅ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ጋሽ ዳኛቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እነዚህ ሰዎችስ ቤንጃሚንን እንዲህ ይወዱት ኖሯል?» አለ ፀሐዬ በሆዱ።

የተክለአብ ቤት በሩ ክፍት ነው። ኮሪደሩ በጫማ ሞልቷል። ፀሐዬ ደሙ ፈላ፤ አንዱ ወሬኛ ቀድሟቸው ነግሮታል! ሳሎኑ ጥቁር በለበሰ ሰው ታጭቋል። ጥግ ላይ፣ መሬት በተዘረጋ ፍራሽ ላይ፣ የሶልያና ባል ጊዲዮን ራሱን ጉልበቶቹ መሃል ቀብሮ ተቀምጧል። እሱና ቤንጃሚን አብረው ነው የተማሩት። «እሱም ሰምቷል ማለት ነው» አለ ፀሐዬ በሆዱ። በዓይኑ ልጁን ፈለጋት፤ የለችም። መንገድ ላይ ትሆናለች።

ተክለአብ ከሰው መሃል ተነስቶ መጣና ተጠመጠመበት። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ነው። ፀሐዬ በመንገድ ሁሉ ሲያጠናው የመጣው ንግግር ጠፋበት። የቀረችው እውነቱ ብቻ ናት።

«ተክለአብ፣ ወንድሜ፣ መስመሩ የኔ ነበር። ጨዉ መታጠቡን እያወቅሁ ተኛሁ። ልጅህን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

ቤቱ ውስጥ ሰሎሜ ብቻ ጮኸች። ተክለአብ ፀሐዬን ትከሻውን ይዞ፣ «ቁጭ በል፣ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁጭ በል» አለው።

ወንበሩን ይዞለት የመጣው ቤንጃሚን ነበር።