የዋንዛው ቁምሳጥን

ኮከብ በአናጢው በጋሽ ወልደሥላሴ ቤት የቆመውን የዋንዛ ቁምሳጥን ከፍታ ዘጋችው። በሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ከተጋቡ ጀምሮ እሷና ባሏ ዋለ ቦንጋን አዳርሰው፣ ቢታ ገነት ድረስም ዘልቀው ሲፈልጉ የኖሩት እንዲህ ያለውን ነበር። ዋለ ጎንበስ ብሎ የቁምሳጥኑን እግር ነካካና፣ «ትንሽ ያዘነብላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሌላ እንይ» አላት። እንደ ሁልጊዜው እሺ አለችው። ስለ ባሏ ጥንቃቄ ለጎረቤት የምታወራው በኩራት ነበር።

ከዝናቡ የሸሸ አንድ ሰው ዘው ብሎ ገባ፤ ከዋለ ጋር የሚያስተምር መምህር ነው። «ዋለ! እንኳን ደስ አለህ! ወደ አገርህ ዝውውሩ ተፈቀደልህ አሉ። ከሠርግህ ማግስት ጀምረህ ስትለምን ኖረህ ይኸው ተሳካ!» ብሎ እጁን ጨበጠው። ከዚያ ኮከብን አየና ፈገግታው ጠፋ።

ዋለ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ጠባብ ነው ብሎ ያስተዋት አልጋ፣ ጨርቁ ይለቃል ያለው ሶፋ አንድ በአንድ ትዝ አሏት። ለካ ሲያማርጥ የኖረው አብሯት ቤት ላለመሥራት ነው።

«ልነግርሽ ነበር» አላት።

«መቼ? መኪና ላይ ወጥተህ?»

ኮከብ ወደ አናጢው ዞረች። «ጋሽ ወልደሥላሴ፣ እወስደዋለሁ» አለች።

«ዝናቡ ሲያባራ አደርስልሻለሁ፣ ልጄ። ቤታችሁን አውቀዋለሁ።»

«እዚያ አይደለም» አለች። «እናቴ ቤት ያድርሱልኝ።»