የግራ መስታወት

ሞተሬ አሮጌ መስላ የተሠራች አዲስ ናት። ክብ መብራቷንና ቡናማ የቆዳ ወንበሯን አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ጠዳ ላይ ግን ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ ዱላቸውን አጋድመው መንገድ ዘጉብኝ።

«ልጄን ሸዋገነትን የገደለቻት ይቺ ናት» አሉ። «ያኔ መንገዱ ገና ጠጠር ነበር።»

«ምነው አያ፣ ከሱቅ ካወጣኋት ገና ሳምንቷ ነው።»

«የግራ መስታወቷ ተሰብሮ ነበር።»

«ይኸው፣ ደህና ነው።»

መስታወቱን በጣታቸው ዳበሱት።

«የሚነዳትስ ሰው?» አልኳቸው።

«እሱንማ በዚሁ ዱላ እዚያው ጨረስሁት። ስንት ዘመን ታሰርሁበት። በል፣ ይቺ አይደለችም ብለህ ማልልኝ።»

«ተክለሃይማኖትን! ይቺ ሞተር ሰው ገድላ አታውቅም» አልኩና ዱላቸውን ገፍትሬ አለፍኩ።

ንዴቴ ሳይበርድልኝ ወደ አዘዞ ከነፍኩ። መታጠፊያው ላይ፣ ጠዋት አስፋልት የነበረው መንገድ ጠጠር ሆኖ ጎማዬ ተንሸራተተ። ጀሪካን ያዘለች ልጅ ፊቴ ድቅን አለች። አጥንቷ ሲሰበር ሰማሁት።

ከወደቅሁበት ቀና ስል ልጅቷ አትንቀሳቀስም። የግራ መስታወቴ ስባሪ ጉንጯ ላይ ተሰክቶ ደሟ ጠጠሩን ያርሰዋል። ከማሳው ውስጥ አንድ ሰው «ሸዋዬ! ሸዋዬ!» እያለ እየሮጠ መጣ። አጠገቤ ደርሶ ዱላውን አናቴ ላይ ሲያነሳ ፊቱን አወቅሁት።

ጢሙ ጥቁር ነበር።