የጓሮው ጦጣዎች

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚኖረው ጡረተኛ መምህር ጓሮው ድረስ የሚመጡትን ጦጣዎች በየማለዳው ሙዝ በእጁ እያበላ አለመዳቸው። በዚያው ሰሞን ከማድ ቤቱ ስኳር ይጎድል ጀመር። የስኳር በሽታ ያለባቸውን እናቱን፣ «እማዬ፣ ዛሬም ቃምሽው? በልተሽ እኮ ትረሺዋለሽ» እያለ ይቆጣቸዋል። አንድ ቀንማ ትራሳቸውን አንስቶ ፈተሸ። «አልነካሁም» ሲሉ የከረሙት አሮጊት በመጨረሻ፣ «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል» አሉ።

ትናንት ረፋዱ ላይ ከእጁ መብላት የለመደችው ጦጣ በማድ ቤቱ መስኮት ገብታ፣ የስኳሩን ጣሳ ከፍታ ስትቅም እናትና ልጅ አብረው አዩ። አንገቱን ደፋ።

እናቱ እጁን ያዙት።

«ልጄ» አሉት ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው አልጃጀሁም ማለት ነው?»