ጨረሩ ያመጣው

ትርሲት አባቷን አቶ ድንበሩን ካኮረፈች ሰነባብታለች። ሊያጯት የመጡት ሽማግሌዎች ነገራቸውን ሳይጨርሱ አቶ ድንበሩ ድንገት ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ንቀት መስሏቸው ሄዱ፤ ጋብቻውም ፈረሰ። "በሰው ፊት አዋረዱኝ" አለቻቸው። እሳቸውም ምክንያቱን ሳይነግሯት ወደ ጓሮ ተመለሱ።

ዛሬ ልብሳቸውን ልታጥብ ስትዘፈዝፍ ሱሪያቸው ላይ ደም አየች። እምቢ ቢሉም እየጎተተች አምና ወደታከሙበት ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው።

ሐኪሙ መርምሯቸው ሲጨርስ፣ "ፊንጢጣቸው ውስጡ ተቆጥቶ ቆስሏል" አላት። "የሚደሙት ለዚህ ነው፤ ሰገራ ሲመጣባቸውም ለአፍታ እንኳ መታገሥ አይችሉም። መድኃኒት አለው፤ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ቻሉት?"

ያን ዕለት ለምን ተነሥተው እንደወጡ አሁን ገባት። ፊቷ ጋለ።

"ምነው አባባ? እኔን ልጅዎን ያፍሩኛል?"

"አፍሬ አይደለም" አሉ፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሡም።

"ለፕሮስቴት ካንሰሩ የወሰዱት ጨረር ያመጣው ነው" አለ ሐኪሙ። "አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ሊመጣ እንደሚችል ያኔም ነግሬያቸው ነበር።"

ትርሲት ደነገጠች። አምና አባቷ "ጠበሉ ይበቃኛል፣ ጨረር አልገባም" ብለው ሲያስቸግሩ፣ እግራቸው ላይ ወድቃ እያለቀሰች ያስገባቻቸው እሷ ነበረች።

"ለምነሽ ያሳከምሽኝ አንቺ ነሽ" አሉ አቶ ድንበሩ ቀስ ብለው። "እንዳይቆጭሽ ብዬ ነው፣ ልጄ።"